በወዲያ በኩል የሚወርዱት

አዳማ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርፉ፣ ድሬዳዋ፤

አንቺ ከነባለቤትሽ፣ በሆድሽም ካለው እንግዳ ጋር እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከወባው ተነሥቻለሁ። የጠጣሁት ኪኒን ግን ጆሮዬን እያስጮኸው ነው። ሚዛን ላይ ቆሜ ቆዳ ስመዝን ጌታዬ ሳሊህ ቢጠራኝ አልሰማውም፤ እሱም መርዳሳ ከታመመ ወዲህ ኮርቷል እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ያወራብኛል። ሹመት የሌለው ኩራት ምን ሊሠራልኝ።

ስለ እህታችን ስለ ዲንቄ ለጠየቅሽኝ እነሆ እመልስልሻለሁ። ግን ምን ነካሽ? ከማን ጋር ትውላለች፣ ጣቢያ ስትወርድ ማን ያነጋግራታል ማለት የዳኛ ጥያቄ እንጂ የእህት ጥያቄ አይደለም። ዲንቄ እንደ ድሮዋ ናት። ባቡር በሚመጣበት ቀን የእርጎ ቅሏን ይዛ ትወርዳለች። ልጇ ሰብስቤ ባቡር ላይ ከተቀጠረ ጀምሮ የባቡሩ ልጆች ሁሉ እናታችን እያሏት፣ ቅሏን ሳያስገለብጡ ሰደዋት አያውቁም ነበር።

ነበር ያልኩት ከመስከረም ወዲህ ነገሩ ስለተለወጠ ነው። ልጆቹ ከኔ ይሸሻሉ ትላለች። ባቡሩ ሲቆም እሷ በቆመችበት በኩል መውረድ ትተው፣ ከፉርጎው በወዲያ በኩል ወርደው፣ ዞረው ወደ ሻይ ቤቱ ይሄዳሉ አለችኝ። እርጎሽ ኮምጥጦባቸው ይሆናል ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

«መርዳሳ፣ ሰው ከሰው የሚሸሸው ብድር ሲይዝና መርዶ ሲይዝ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ ብድሬን አልያዙም» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ያ የድሮው ነገር ሊመለስባት ነው ብዬ ፈራሁ። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ ሳታስታውሺው አትቀሪም። ባሏ አርሲ ወርዶ የሞተ ጊዜ እኛ ዘመድ ሰብስበን፣ ቀን መርጠን ልንነግራት ስንሰናዳ፣ አንዱ ጨው ጫኝ መንገድ ላይ አግኝቷት «ባልሽ ከተቀበረ ሰነበተ እኮ» ብሎ አፈረጠላት። ከዚያ ወዲያ ልቧ ሄደ። ከአዋሽ ዳር አስረን አመጣናት፤ በሰንሰለትም ከረመች። ልቧ ከተመለሰላት ይኸው ስንት ዘመኗ፣ የአዳማ ሰው ግን ዛሬም እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው እያለ ያማታል።

ስለዚህ ሰብስቤ አንድ ጊዜ ብቅ ይበል። ወደ ጅቡቲው መስመር ተዛውሯል ያልሽውን ነግሬያታለሁ። ቅሏን ማጠብ ቀጠለች፤ ያመነችኝም አይመስለኝም።

ወንድምሽ መርዳሳ

——

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ መርዳሳ፤

መልሱ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። እግሬ አብጦ ጫማ እንቢ ብሎኛል፤ ሙቀቱም ሙቀት እንዳይመስልዎ። ባለቤቴ ከቀፊራ ገበያ ለሕፃኑ የሚሆን ስስ ጨርቅ ገዝቶ መጥቶ፣ እኔ ደግሞ ሳይወለድ አይሰፋም ብዬ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ጆሮዎን ይማርልዎ፤ ኪኒኑን ሲጨርሱ ይተውዎታል ይላሉ።

ሰብስቤ ደህና ነው። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ ብሏል። ሥራው አላላውስ ስላለው ነው ብቅ ያላለው፤ ስለ እሱም አትጨነቁ። ብዙ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፣ ዛሬ ግን እጄ ታክቶታል።

እትዬ ዲንቄ ወደ ጣቢያ ባትወርድ መልካም ነበር። እርጎውን የሳሊህ ሚስት ዘሃራ ልትገዛላት ትችላለች፤ ደግ ሴት ናት። የባቡሩን ልጆችም እርስዎ ወሬ አይጠይቋቸው። ወጣት ናቸው፤ የሚናገሩትን አያውቁም። ያንን ጨው ጫኝ ባነሡ ጊዜ በጣም ደነገጥኩ። አልረሳሁትም ጋሼ፤ አስራችሁ ስታመጧት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እግዚአብሔር አያድርገውና ክፉ ነገር እንኳ ቢኖር፣ ለእሷ በወጉ፣ በዘመድ መካከል፣ እጇን የሚይዝ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው መነገር ያለበት። የለም እንጂ ቢኖር ማለቴ ነው።

እኔ ከወለድኩ በኋላ አራስነቴን ስጨርስ ራሴ መጥቼ ከእሷ ጋር እከርማለሁ። እስከዚያ ድረስ አደራዎን፣ ብቻዋን አይተዉአት።

ታናሽ እህትዎ ዘርፉ

——

አዳማ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1922 ዓ.ም.

ዘርፉ እህቴ፤

ይህን ወረቀት የባቡሩ ልጅ ደሊል በእጁ ያደርስልሻል። ሰላምታዬ ስላጠረ አትቀየሚኝ፤ ዲንቄ ልትሞትብን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ባቡሩ ሲቆም ቅሏን መሬት አስቀምጣ፣ የመጨረሻውን ፉርጎ ዞራ ወደ ወዲያኛው በኩል ሄደች። ያን ጊዜ ባቡሩ ፉርጎዎቹን ወደ ኋላ ገፋ። መንኮራኩሩ ግራ እግሯ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ራሷን ባቡር ውስጥ ጣለች ይላል። እሷን ስጠይቃት ግን ደሊልን ልይዘው ነው የሄድኩት፣ አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነው አለችኝ።

በሳሊህ መጋዘን ውስጥ አስተኝተናታል። እግሯ ጠቁሯል፤ ሽታው ከቆዳው ሽታ በልጧል። ከሞጆ ግሪኩን ሐኪም አመጣሁ። ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ እኔን አትጥራ፣ ቄስ ጥራ አለኝ። ዲንቄን ጠየቅናት። አልቆረጥም አለች። ለመንናት፤ ዘሃራ እግሯ ላይ ወደቀች። አልቆረጥም አለች። ሐኪሙ እንግዲህ መሣሪያውን መልሶ ወደ ከረጢቱ ከተተ።

«ልቧ ከእሷ ጋር ከሆነ አልነካትም፤ የገዛ እግሯ ነው» አለኝ። «ልቧ ከሌለ ግን የዘመድ ቃል ይበቃኛል። ያም ቢሆን በዳኛ ፊት ዋስ ጥራልኝ፤ ብትሞት ጉማ ክፈል ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።» አገራችን የደም ዋጋ እንደሚጠይቅ ተምሯል ማለት ነው።

ዳኛው ባላምባራስ ሰንበታ ከሽማግሌው ከአባ ገርባና ከአንድ ሕግ አዋቂ ቄስ ጋር ወደ መጋዘኑ መጡ። የቆዳ እስር ላይ ተቀምጠው ጠየቋት። ዕለቱን አወቀች። ሁላችንንም በየስማችን ጠራችን። ባትቆረጪ ምን ትሆኛለሽ ቢሏት እሞታለሁ አለች። ቄሱ፣ እብድ የነበረ ሰው ልቡ በተመለሰለት ጊዜ ቃሉ ይያዝለታል ይላል ሕጉ፣ ይህች ሴት ደግሞ ልቧ አለ አሉ። ያን ጊዜ ባላምባራስ፣ ሞት እንደሚመጣ እያወቅሽ ለምን እንቢ አልሽ ብለው ጠየቋት።

«ልጄ ስለሞተ ነው» አለች። «ልጄ ቢኖር እሺ እላችሁ ነበር፤ አዝሎ ያወጣኛል፣ አዝሎ ያገባኛል። ልጄ ግን የለም። በአንድ እግሬ ቆሜ ማንን ልጠብቅ?»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። ልጇ አልሞተም፣ ድሬዳዋ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና እንዲህ ፈረዱ፦ ልጁ ሞቶ ከሆነ ዲንቄ የምታውቀውን ነው የተናገረችው፤ ፈቃዷ ነው፣ ማንም አይደፍራትም። ልጁ በሕይወት ካለ ግን የሌለ ነገር እያየች ነውና ቃሏ አይያዝም፤ ዘመድ ይወስንላት።

ደብዳቤሽን አውጥቼ ሰብስቤ ደህና ነው ያልሽበትን አነበብኩላቸው። መሐላ የለበትም አሉኝ። በስልክ ሽቦ ልጠይቅ ብል፣ በሽቦ የመጣ ቃል የማን አፍ እንደሆነ አይታወቅም፣ በእጇ ጽፋ ምላ ትላክልኝ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፤ እሳቸውም ወረቀት ካልያዙ አያምኑም። ሐኪሙ ባቡሩ እስኪመለስ ድረስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ መቁረጡም ዋጋ የለውም ብሏል።

ሰብስቤ እዚያ ካለ ራሱን ስደጂው። ለሥራ ወጥቶ ከሆነ ጻፊልኝ፣ ማይልኝ። የገዛ እህቴ ልቧ ሄዷል እንዲባልላት መመኘቴ ያሳፍረኛል። ግን እመኛለሁ ዘርፉ። ልቀብራት አልፈልግም።

መርዳሳ

——

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለባላምባራስ ሰንበታ፣ ለአዳማ ዳኛ፤ ወንድሜ መርዳሳ ያንብብልዎ።

የዲንቄ ልጅ ሰብስቤ በሕይወት አለ። የሚያድረው ከቤቴ ነው። አሁን ለሥራ ወደ ጅቡቲ ስለወረደ በዚህ ባቡር ሊመጣ አልቻለም። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ሐሰት ተናግሬ ከሆነ በሆዴ ያለውን አያሳየኝ።

ዘርፉ

ጋሼ፣ ይችን መስመር አያንብቡላቸው። ቶሎ ይቁረጧት።

——

አዳማ፣ ኅዳር 6 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርፉ፤

እንደምን አለሽልኝ? ቀንሽ እየቀረበ መሆኑን አልረሳሁም፤ ማርያም ትቅረብሽ። በሰላም አለቀ ወይ ብለሽ በደሊል አፍ ለላክሽብኝ፣ አዎ፣ አልቋል። ዲንቄ በሕይወት አለች።

ወረቀትሽን ደሊል ሲሰጠኝ ፊቴን አላየም፤ መንገዱ አድክሞት ነው አልኩ። ለባላምባራስ አነበብኩላቸው። መሐላሽን ሲሰሙ አባ ገርባ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ነፍሰ ጡር እንዲህ ብላ አትዋሽም አሉ። ባላምባራስ ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተማቸውን አሳረፉበትና ፈረዱ፦ የዲንቄ ቃል አይያዝም፣ ሞግዚቷ መርዳሳ ነው፣ ስለ አካሏም ስለ ንብረቷም እሱ ይናገር። እኔም ይቆረጥ አልኩ። ሳሊህ ዋስ ሆነኝ።

ወደ እሷ ገብቼ ዘርፉ ምላ ጽፋለች፣ ልጅሽ አለ አልኳት። በምን ማለች አለችኝ። በሆዷ ባለው ማለች አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምስኪን» አለች። ማንን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ቀሪውን ባልጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። ሰዎቹ ሊይዟት ሲጠጉ «በዳኛ አምላክ!» አለች። ይህ ሲባል ሌባ የሚያሳድድ እንኳ ባለበት እንደሚቆም ታውቂያለሽ። የሳሊህ ኩሊዎች እጃቸውን ለቀቁ። ሐኪሙም ባይገባው ቆመ። ዳኛው ራሳቸው እዚያው ነበሩና ሁላችንም እሳቸውን አየን። ያዟት፣ የእብድ እግድ አይጸናም አሉ። ትከሻዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ እስኪያስተኛት ድረስ ዓይኔን አልለቀቀችም።

እግሩን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ቄሱ ቅጥር ውስጥ አላስገባም አሉኝ፤ የቀረው አካል ሲመጣ አብሮ ይገባል አሉ። ከአጥሩ ውጭ ቀበርኩት።

አሁን ትኩሳቱ ለቋታል፤ ቁስሉ እየያዘ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። እኔም አድኛት ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ይኸው አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዘሃራ የምታመጣላትን ትበላለች፤ እኔ ስገባ ዓይኗን ትከድናለች። ከእንግዲህ ላሟን መሸጥ ብትፈልግ እኔን ማስፈቀድ አለባት፤ ለጎረቤት ምስክር ብትቆም ቃሏ አይጻፍም። በዳኛ እብድ የተባለች ሴት እርጎ ደግሞ ማን ይጠጣል? ዘሃራ እንኳ ከዲንቄ ቤት ያመጣሁትን ቅል ተቀብላ ጓሮ ስትደፋው አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያቃናው ሰብስቤ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል ብያታለሁ። ዓይኑን ስታይ ልቧ ይመለሳል፤ ባላምባራስም ፍርዳቸውን ያነሣሉ። አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ።

መርዳሳ

——

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1922 ዓ.ም.

ጋሼ መርዳሳ፤

ይህን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። መቼ ይመጣል ላሉኝ፣ አይመጣም። ሰብስቤ የለም።

በነሐሴ መጨረሻ አዋሽ ላይ የወባ ንዳድ ይዞት መጣ። እኔ ቤት ተኛ። ሐኪምም መጣለት፣ ቄስም መጣለት፤ አልተረፈም። አፉ ሳይያዝ የተናገረው ስለ እናቱ ነበር። «አክስቴ፣ እንደ አባቴ ጊዜ በመንገድ እንዳይነግሯት» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ለሚሞት ሰው እሺ አይባልም?

የባቡሩን ልጆች የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እስክሄድ ድረስ አፋችሁን ያዙልኝ አልኳቸው። እነሱም ፊቷን እያዩ ልጅሽ ደህና ነው ማለት ስላልሆነላቸው በወዲያ በኩል ወረዱ። እርስዎንም ያልነገርኩዎ እርስዎ መደበቅ ስለማይችሉ ነው። አንድ ቀን ሳይሞላ እትዬ ዲንቄ ከፊትዎ ታነበው ነበር። ሆዴ ከብዶ ነው እንጂ ወዲያው መጥቼ፣ ዘመድ ሰብስቤ፣ እጇን ይዤ ልነግራት ነበር ሐሳቤ።

ወረቀትዎ በደረሰኝ ጊዜ ደሊል በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አነበብኩት። እውነቱን ብጽፍ ልቧ አለ ይባልና ትሞታለች። ሐሰቱን ብጽፍ እብድ ትባልና ትኖራለች። ጋሼ፣ እርስዎ ልቀብራት አልፈልግም አሉኝ። እኔም አልፈልግም። ሰብስቤን ቀብሬ እሷን ደግሞ በእጄ ጽሑፍ ልቀብራት አልቻልኩም። ብዕሩን አነሣሁና ጻፍኩ። ደሊል የጻፍኩትን ሳይጠይቀኝ አወቀው፤ ወረቀቱን እንደ ፍም ነው የተቀበለኝ።

ቃሏ እንዲህ ለዘለቄታው እንደሚወድቅ አላሰብኩም። እርጎዋ ጓሮ ይደፋል ብዬ አላሰብኩም። በዳኛ አምላክ ብላ የሚቆምላት ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም። ማዳን ብቻ ነበር የታየኝ።

አሁን በሌሊትም በቀንም የሚታየኝ አያሳየኝ ያልኩት ነው። ሕፃኑ ትንሽ ጸጥ ሲል ሆዴን እመታዋለሁ። ባለቤቴ መሐላዬን አያውቅም፤ ምን ሆነሻል ይለኛል። ጋሼ፣ ሽማግሌ ሰብስበው መርዶውን በወጉ ያርዷት። እኔን አይጠብቁ። ለባላምባራስ ግን እስክወልድ ድረስ አይንገሩብኝ፤ ከወለድኩ በኋላ ያስሩኝ፣ እንደ ፈቀዱ ያድርጉኝ። ለእሷ ለብቻዋ እውነቱን ይንገሯት። ትረግመኝ እንደሆነም አይደብቁኝ። መደበቅ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

ዘርፉ

——

አዳማ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርፉ፤

የመውለድሽን ወሬ ደሊል አደረሰን። ወንድ ነው አለን፤ ጤና ነው፣ ጡት ይዟል አለን። እንኳን ማርያም ማረችሽ። ያልሽው አልደረሰብሽም፤ እግዚአብሔር እንደ ሰው ቃል ጠብቆ አይዝም።

መልሴ የዘገየው ስለተናደድኩ ነው። ብዙ ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። በሐሰት ወረቀትሽ የገዛ እህቴን ትከሻ አስይዘሽኛልና እናደዳለሁ። ደግሞም ያን ቀን እውነቱን ጽፈሽልኝ ቢሆን ወረቀቱን ለባላምባራስ አነብላቸው ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አላውቅም ዘርፉ። እደብቀው ነበር ብዬ እፈራለሁ። የምናደደው በዚህም ነው።

መርዶውን እንዳልሽው አደረግሁ። አባ ገርባን፣ ሳሊህንና ዘሃራን ይዤ ገና ጎህ ሲቀድ ከመጋዘኑ ወደመለስናት ቤቷ ሄድን። በሯ ክፍት ነበር። ፀጉሯን ተላጭታ፣ በጭቃ የነከረችውን ቀሚስ ለብሳ መሬት ተቀምጣለች። አባ ገርባ እንዴት አደርሽ ብለው ቃላቸውን ሊያሳምሩ ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

«አሁን ሰማችሁ?» አለች። «እኔ ሐዘን ከተቀመጥኩ ቆየሁ። ግቡ፣ አልቅሱልኝ።»

እኛ ልናጽናና የሄድነው እኛው አለቀስን። ሌሎቹ ሲወጡ ቀርቼ ያንቺን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ሰብስቤ ስለ መንገዱ የተናገረውን ስነግራት ብቻ ዓይኗ ሞላ። ስላንቺ ምንም አላለችም።

የመውለድሽ ወሬ በደረሰን ማግስት ወደ ባላምባራስ ውሰደኝ አለችኝ። እንዳልወስዳት ምን አፍ አለኝ? በሳሊህ በቅሎ ጭኜ፣ ከጎን ደግፌ ወሰድኳት። አባ ገርባም ተከተሉን። መንገድ ላይ ስለ አራስነትሽ ላነሣባት ፈልጌ ተውኩት።

በሸንጎው ፊት፣ ልጄ ሞቷል፣ መርዶ ተነግሮኛል፣ ቃሌን መልሱልኝ አለች። ባላምባራስ ወረቀትሽን ከሳጥን አስወጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«መቼ ነው የሞተው?» አሏት። «ከዚህ መሐላ በፊት ከሆነ ያን ቀን ልብሽ ካንቺ ጋር ነበረ፤ እኔም ተሳስቼ ፈርጄብሻለሁ፤ በዚሁ አደባባይ እመልስልሻለሁ። በሐሰት የማለችውን ግን አራስም ብትሆን አስመጥቼ አስራታለሁ።»

ዲንቄ የበቅሎውን ልጓም ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሰዉ ሁሉ እሷን ያያል፤ እኔ የእግሯን ቦታ አያለሁ። የፈለገችው ሁሉ ፊቷ ተቀምጧል፤ አንድ ቃል ብትናገር ያዳማ ሰው ሁሉ ተበድላለች ሊላት ነው።

«ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው የሞተው» አለች።

«እንግዲህ ያን ቀን በሕይወት ነበረ?»

«ነበረ።»

«ልብሽስ?»

«አልነበረም።»

አባ ገርባ ጎህ ሲቀድ ምን እንዳለችን ሰምተዋል። በበትራቸው መሬት መጫር ጀመሩ እንጂ አልተናገሩም። ባላምባራስ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝና ወረቀትሽን አጥፈው ወደ ሳጥኑ መለሱት። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሷ ግን በቅሎው ላይ እንዳለች አልሄድም አለች።

«ዛሬስ?» አለቻቸው። «ዛሬ ልቤ አለ ወይስ የለም?»

ዛሬ አለ አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ቃሏ እንዲያዝላት፣ ላሟና ቤቷም ከእጄ ወጥተው ወደ እጇ እንዲመለሱ ፈረዱላት። ልቧ ለመመለሱ ዋስ ጥሪ አሏት፤ እኔ ሆንኩ። ስትቆረጥ ይቆረጥ ያልኩ ሰው፣ አሁን ደግሞ ልቧ ጤና ነው ብዬ ዋስ ቆምኩ። ስወጣ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

ትናንት ባቡር ሲመጣ ጣቢያ አድርሰኝ አለችኝ። በቅሎው ላይ እንዳለች፣ ቅሏን ታቅፋ፣ በዱሮ ቦታዋ ቆመች። ባቡሩ ሲቆም የባቡሩ ልጆች ከፉርጎው ውስጥ ሆነው አዩዋት። መጀመሪያ ደሊል በእኛ በኩል ወረደ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። አንድ በአንድ እየመጡ ጉልበቷን እየሳሙ አለቀሱ፤ እሷም ለእያንዳንዳቸው እርጎ እየቀዳች ስለ ሰብስቤ የሚያውቁትን ጠየቀቻቸው። ቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ወደ ሻይ ቤቱ አልሄደም።

ትረግመኝ እንደሆነ አትደብቀኝ ብለሽኛል። ከጣቢያ ስንመለስ ጠየቅኳት። አልረግማትም አለች። መልእክትም ሰጠችኝ፤ እሷ እንዳለችው ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት። ልጁን ጡት ሳታጎድልበት ታሳድገው። ያን ቀን ልቧ ስለኔ እንደተጨነቀ አውቃለሁ በላት። ከእንግዲህ ግን ባቡሩ እዚህ ሲቆም፣ ልጁን ይዛ በወዲያ በኩል ትውረድ።»

መርዳሳ